ውሻና ድመት በሚውሉበት ግቢ ሳርን ከሞስ ማጽዳት

በሲያትል፣ በፖርትላንድ ወይም በለንደን አካባቢ ግቢ ያለው ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ብርዱ ሲያልፍ ሳሩን ቢረግጥ እግሩ እንደ ስፖንጅ ሰርጎ ይመለሳል። ጎንበስ ብሎ ሲያየው ከአረንጓዴው ግማሹ ሳር አይደለም። አገር ቤት በአሮጌ ግንብና ጥላ በማይለየው ድንጋይ ላይ ከምናየው ልስልስ ነገር ጋር አንድ ወገን ነው፤ እዚያ አካባቢ ሁሉም ሞስ ስለሚለው እኛም እንደዚያው እንጠራዋለን።

መደብር ሲኬድ ነገሩ ቀላል ይመስላል። አንድ ከረጢት ይገዛል፣ ይበተናል፣ ሞሱ ይጠቁራል። ውሻ፣ ድመት፣ ጥንቸል ወይም ዶሮ ያለበት ቤት ግን ሌላ ጥያቄ ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ ግቢው ላይ ሊለቀቁ ይችላሉ ወይ? አጭሩ መልስ፣ በመጠኑ ተረጭቶ በደንብ የደረቀ ሳር ውሻን ወይም ድመትን የሚጎዳበት አጋጣሚ ጥቂት ነው የሚል ነው። ጉዳት የሚመጣው ጋራዥ ውስጥ ተከፍቶ ከቀረ ከረጢት፣ ባልዲ ውስጥ ከተረፈ ውሃ፣ ወይም ለሳር ያልተሠራ ምርት ሳር ላይ ከመርጨት ነው።

ሞስ ለምን ይመጣል

ሞስ እውነተኛ ሥር የለውም። መሬቱን የሚይዘው በቀጫጭን ክሮች ሲሆን ውሃ የሚጠጣው በቅጠሎቹ ነው። ስለዚህ ጥልቅ አፈርም፣ ብዙ ፀሐይም፣ ብዙ ማዳበሪያም አያስፈልገውም። ሳር ሦስቱንም ይፈልጋል። ጥላ ሲበዛበት፣ ናይትሮጅን ሲያጣ፣ አፈሩ ሲጠቀጠቅ ወይም ከሥሩ ተላጭቶ ሲታጨድ ይሳሳል፤ በሳሳው ቦታ ሞስ ይገባል። ሞስ ሳርን አይገድልም፣ ሳር የለቀቀውን ቦታ ይወርሳል እንጂ። ይህን ያልያዘ ሰው በየዓመቱ መድኃኒት ሲገዛ ይኖራል።

በሲያትልና በፖርትላንድ ይህ ይብሳል። ዝናቡ የሚበዛው በብርዱ ወራት፣ ሳሩ በተኛበትና ሞሱ በሚያድግበት ጊዜ ነው። የበጋው ወራት ደግሞ ደረቅ ስለሆነ ያልጠጣ ሳር ይሳሳል፤ ዝናቡ ሲመለስ ሞሱ ባዶ መሬት ያገኛል።

ውሻውም ራሱ አንዱ ምክንያት ነው። ውሻ በአጥር ጥግ የሚመላለስበት፣ አላፊውን እየተከተለ የሚሮጥበት የራሱ መንገድ አለው። እዚያ ላይ አፈሩ እንደ ተወቀጠ ወለል ይጠነክራል፣ ውሃ አይሰርግበትም፣ ሳሩ ይሞታል፣ ሞሱ ይተካል። እንዲህ ያለውን መንገድ በመድኃኒት ማሸነፍ አይቻልም። ሳሩን ከዚያ አንስቶ የተፈጨ እንጨት ማልበስ ይሻላል። የካካዎ ገለባ የሚባለውን ግን አትግዙ፤ ቸኮሌት ውስጥ ያለው ውሻን የሚመርዘው ንጥረ ነገር እሱም ውስጥ አለ፣ ሽታውም ይስባቸዋል።

ሞሱ ራሱ ለውሻም ሆነ ለድመት መርዝ አይደለም። ውሻ ቢበላው ብዙውን ጊዜ ቢያስመልሰው ነው። ስለዚህ በትልቅ ዛፍ ሥር፣ በቀን ለ4 ሰዓት ያህል እንኳ ፀሐይ በማይነካው ቦታ ላይ ያለውን ሞስ መተው ነው ምክራችን። እዚያ ሳር ለማብቀል መታገል ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሞሱም አረንጓዴ ነው።

በብረት መግደል፣ ሒሳቡን እያወቁ

ለሳር ከሚሸጡት የሞስ መግደያዎች አብዛኞቹ የሚሠሩት በብረት ነው። ስሙ አይረን ሰልፌት ወይም ፌረስ ሰልፌት ተብሎ ይጻፋል። ሞሱን በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ያጠቁረዋል፣ ሳሩን ግን በመጠኑ ከተሰጠው ያደምቀዋል። ብረት ለሰውም ለእንስሳም የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር ስለሆነ ብዙ ሰው «ማዕድን ነው፣ አይጎዳም» ይላል። ጥፋት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሰውነት ትርፍ ብረትን የሚያስወግድበት መንገድ የለውም። በአንድ ጊዜ ብዙ ሲገባ የሆድ ዕቃን ግድግዳ ያቃጥላል፣ ከዚያ ወደ ደም አልፎ ጉበትንና ልብን ይመታል።

የእንስሳት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ልኬት ይህ ነው። ለውሻ በየኪሎ ክብደቱ ከ20 ሚሊግራም በታች ንጹሕ ብረት ብዙ አያሳስብም። ከ20 እስከ 60 ያለው ማስመለስና ተቅማጥ ያመጣል። ከ60 ሲያልፍ ለሕይወት የሚያሰጋ ይሆናል።

እነዚህን ቁጥሮች ወደ ማንኪያ እንመልሳቸው። በውሃ የሚሟሟው ተራ አይረን ሰልፌት ሲመዘን 20 በመቶው ብረት ነው፤ ደረቁና ዱቄት መሳዩ ዓይነት 30 በመቶ ገደማ ይደርሳል። 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ አስጊው መጠን 600 ሚሊግራም ብረት ነው። ያ ማለት 3 ግራም ተራ አይረን ሰልፌት፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ማለት ነው። ከከረጢት ሁለቴ የላሰ ትንሽ ውሻ እዚያ ሊደርስ ይችላል።

አሁን ያንኑ ዱቄት ሳር ላይ እንይ። ግቢው 6 በ10 ሜትር፣ 60 ካሬ ሜትር ነው እንበል፤ ማሸጊያው ደግሞ ለአንድ ካሬ ሜትር 5 ግራም አዝዟል። በጠቅላላ 300 ግራም ይገባል፣ ውስጡም 60 ግራም ብረት አለ። ባልዲ ውስጥ እያለ፣ 10 ኪሎ የሚመዝኑ 100 ውሾችን አደጋ ላይ የሚጥል መጠን ነው። ሳሩ ላይ ከተዳረሰ በኋላ ግን በካሬ ሜትር 1 ግራም ብረት ብቻ ይቀራል። ያው ውሻ አስጊው መጠን ጋ ለመድረስ ከግማሽ ካሬ ሜትር በላይ የሆነ ሳር ላይ ያለውን በሙሉ ልሶ መጨረስ አለበት። በዚያ ላይ ብረቱ ከአየርና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ወደ ዝገት ይለወጣል፤ ዝገት ደግሞ በአንጀት በኩል ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። ጭንቀቱ ከሳሩ ይልቅ ባልዲው ላይ መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ሒሳቡ የሚበላሸው ዱቄቱ ወይም እንደ ጠጠር የተድበለበለው ፍሬው በእጅ ተበትኖ አንድ ቦታ ሲከመር፣ ወይም «ትንሽ ቢጨመር ምን አለበት» ሲባል ነው። የተከመረበት ቦታ ሳሩም ይቃጠላል፣ እንስሳውም እዚያው ላይ ያሸታል።

ማሸጊያው ላይ ምን ተጽፏል

ከፊት ለፊት ባለው ሥዕልና በትልልቁ ጽሑፍ አትመሩ። ከኋላ በደቃቁ የተጻፈውን የንጥረ ነገር ዝርዝር ፈልጉ።

ሦስት በአንድ ተብሎ የሚሸጠው፣ ማዳበሪያ፣ የአረም መግደያና የሞስ መግደያ የተቀላቀለበት ነው። ከብረቱ ጋር እንደ 2፣4-ዲ፣ ኤምሲፒኤ ወይም ሜኮፕሮፕ ያሉ የአረም መድኃኒቶች አሉበት። ውሻ እነዚህን በኩላሊቱ አስወግዶ ለመጨረስ ከሌሎች እንስሳት ይልቅ ይዘገያል። አረም ሳይኖርባችሁ ለሞስ ብላችሁ ይህን አትግዙ።

ድመት ካለ ደግሞ ከሁሉም በላይ የምንፈራው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የሚባለውን ነው። ይህ ለበረንዳ ንጣፍ፣ ለድንጋይ መንገድና ለእንጨት ወለል አረንጓዴ ማስለቀቂያ የሚሸጥ ሲሆን በብሪታንያ በብዙ ቤት ይገኛል። ድመት እርጥቡን ረግጣ መዳፏን ስትልስ ምላሷና ጉሮሮዋ ይቆስላል፣ ለሃጯ ይዝረከረካል፣ ትኩሳት ይይዛታል፣ መብላት ታቆማለች። ክፋቱ ምልክቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው፤ ሰዓታት ቆይቶ ስለሚመጣ ባለቤቱ ከጠዋቱ ጽዳት ጋር አያያይዘውም። በረንዳው እስኪደርቅ ድመቷን ቤት ውስጥ መያዝ፣ ጠብታ ከነካት በውሃና በለስላሳ ሳሙና ቶሎ ማጠብ ያስፈልጋል።

የፖታሲየም ሳሙና፣ ማለትም ከቅባት አሲድ የሚሠራው፣ ሞሱን በሰዓታት ውስጥ ያደርቃል፣ ሲደርቅም ብዙ ስጋት አይተውም። እርጥብ እያለ ዓይንንና ሆድን ያስቆጣል፤ ዓሣ ያለበት ገንዳ አጠገብ ግን አይረጭም። ፔላርጎኒክ አሲድ ያለበት ደግሞ የነካውን ሁሉ፣ ሳሩንም ጭምር ያደርቃል፤ ለመንገድ እንጂ ለሳር አይሆንም።

ለጣራ ሞስ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ዚንክ አለበት። ዚንክ ውሻ ውስጥ ሲገባ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል። ጣራው ከተረጨ የአሸንዳው ውሃ የሚወርድበትን ቦታ አስቡ፤ እዚያ የተጠራቀመ ኩሬ ወይም በርሜል ካለ ውሻ እንዳይጠጣው አድርጉ። በሲያትል ያ ውሃ በቦይ አድርጎ ሳልሞን ዓሣ ወደሚኖርበት ፒዩጀት ሳውንድ ወደሚባለው የባሕር ወሽመጥ ይወርዳል።

ከወጥ ቤት የሚወጣውስ? በረኪና ሳሩን ይገድላል፣ መዳፍ ያቃጥላል፤ የውሻ ሽንት ካለበት ቦታ ጋር ወይም ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ለሳንባ የማይሆን ጋዝ ያወጣል። አቼቶ ሳሩንም አብሮ ያቃጥላል። ጨውና ቤኪንግ ሶዳ ሶዲየም ስላላቸው አፈሩን ያበላሹታል፤ ውሻ በብዛት ከላሰው የደሙን ጨው ከፍ ያደርጋሉ። ከወጥ ቤት የመጣ ሁሉ የዋህ አይደለም።

ኖራም አለ። ሞስ አሲዳማ አፈር ይወዳል ስለሚባል ብዙ ሰው ኖራ ይበትናል፤ ኖራ ግን ሞስን አይገድልም። የሚጠቅመው አፈሩ ተመርምሮ ፒኤቹ በጣም ዝቅ ካለ፣ ማለትም አፈሩ በጣም አሲዳማ ከሆነ፣ ለሳሩ ነው። የግቢ ኖራ ተብሎ የሚሸጠው የተፈጨ ድንጋይ ብዙም አይጎዳም። ለግንባታ የሚሸጠው ኖራ ግን መዳፍና ዓይን ያቃጥላል፣ ግቢ ውስጥ አታስገቡት። ኖራና ብረት በአንድ ሰሞን አብረው አይሰጡም፤ ኖራው ብረቱን ይይዘውና ሥራውን ያስቀረዋል።

የሚረጭበት ቀን

ወቅቱ የብርዱ መጨረሻና የጸደዩ መጀመሪያ፣ ወይም ሴፕቴምበር ነው፤ ሞሱ እርጥብ ሆኖ ሲያድግ፣ ሳሩም ከጉዳቱ ማገገም በሚችልበት ጊዜ። በረዶ ሲጥል፣ መሬቱ ደርቆ ሲሰነጠቅ፣ ወይም ከባድ ዝናብ በዚያው ቀን ሲጠበቅ አይረጭም። አዲስ የተዘራ ሳር ላይ ከሆነ ማሸጊያው የሚያዘውን ዕድሜ እስኪሞላ መጠበቅ ነው።

ከ3 ቀን ያህል በፊት ሳሩ ይታጨድ። በዕለቱ መጀመሪያ የእንስሳቱን ሰሃን፣ አጥንት፣ ኳስና ምንጣፍ ከግቢው አውጡ፤ የሚረሳው ብዙ ጊዜ አጥር ሥር ያለው የውሃ ሳህን ነው። የግቢውን ርዝመትና ስፋት ለኩና መጠኑን በሒሳብ አውጡት፣ በግምት አይሆንም። የአሜሪካ ማሸጊያ ለ1,000 ካሬ ጫማ ብሎ ሲጽፍ 93 ካሬ ሜትር ማለቱ ነው።

ምርጫ ካላችሁ ፍሬውን ትታችሁ በውሃ የሚሟሟውን ውሰዱ። እኩል ይዳረሳል፣ የሚለቀም ነገርም አይተውም። ዱቄቱን በትንሽ ለብ ያለ ውሃ አሟሙታችሁ ከዚያ ቀዝቃዛውን ጨምሩ፤ ያልሟሟ ካለ የማጠጫውን ቀዳዳ ይደፍናል፣ መጠኑም ይዛባል። ግማሹን በቁመት፣ ግማሹን በአግድም እየሄዳችሁ ስጡ። ጓንትና አሮጌ ጫማ አድርጉ፤ ብረት ሲሚንቶንና ልብስን የዝገት ቀለም ያስይዛል፣ አይለቅም። በረንዳው ላይ የፈሰሰ ካለ ሳይደርቅ በብዙ ውሃ ወደ ሳሩ እጠቡት። የተረፈውን ባልዲ ውስጥ አታሳድሩ፤ ያልዳረሳችሁት ሳር ካለ እዚያው ጨርሱት። ባልዲውን ሦስት ጊዜ ካጠባችሁ በኋላ ማጠቢያውንም ሳሩ ላይ ድፉት።

በፈሳሽ ከተሰጠ ሳሩ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ እንስሳቱ አይወጡም። በጥላና በእርጥብ አየር ይህ ቀኑን ሙሉ ሊፈጅ ስለሚችል እጃችሁን ሳሩ ላይ አሳልፋችሁ አረጋግጡ። በፍሬ ከተሰጠ ደግሞ ማሸጊያው ባዘዘው ጊዜ ውሃ ጠጥቶ ፍሬው እስኪጠፋና ሳሩ ተመልሶ እስኪደርቅ ነው፤ ዝናብ ካልመጣ ሁለት ቀን ሊሆን ይችላል። ማሸጊያው ከዚህ የረዘመ ጊዜ ካለ እሱን ተከተሉ። ለሽንት የሚወጣ ውሻ በማሰሪያ በሌላ በር ይውጣ፤ ሲመለስ መዳፉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ይህ ለውሻውም ለምንጣፋችሁም ነው።

ሳር የሚበሉ እንስሳት

እስካሁን ያልነው ሳር ለሚረግጡ እንጂ ሳር ለሚበሉ አይደለም። ጥንቸል፣ የጊኒ አሳማና ኤሊ በአንድ ቀን የሚግጡት ቦታ ከሰውነታቸው ክብደት አንጻር ሰፊ ነው፤ የውሻው ሒሳብ እነሱ ላይ አይሠራም። የሚግጡበትን ቦታ ለይታችሁ ምንም ነገር አታስነኩት። ከተረጨው ክፍል የታጨደውን ሳርም አትስጧቸው።

ዶሮ ደግሞ ሌላ ጠባይ አላት። ምግቧን ለመፍጨት ጠጠር ስለምትለቅም የመድኃኒቱን ፍሬ ጠጠር ወይም እህል ብላ ልትውጠው ትችላለች። ዶሮ ባለበት ግቢ ፍሬ ፈጽሞ አይበተንም። በግ ያለው ሰው ካለ ከመዳብ ይጠንቀቅ፤ ድሮ ለሞስና ለአልጌ ይሰጥ የነበረው ኮፐር ሰልፌት በግን በትንሽ መጠን የሚገድል ነው።

ጥንቸልና ዶሮ ላለው ሰው በእጅ መቧጠጥ ይሻላል እንላለን። ባለ ሹል ጥርስ መቧጠጫ፣ ሬክ የሚሉትን፣ ይዞ ሁለት ሰዓት መሥራት 20 ካሬ ሜትር ግቢን ያጸዳል። የተበተነ ቁራጭ መልሶ ሊበቅል ስለሚችል የወጣውን ወዲያው መሰብሰብ፣ በሚቀጥለው ወር ደግሞ መድገም ይጠይቃል።

ከረጢቱ ተቀዶ ቢገኝ

ውሻው ከከረጢቱ በልቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት አትጠብቁ። የብረት መመረዝ ያታልላል። በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ማስመለስና አንዳንዴ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይመጣል። ከዚያ እስከ 24 ሰዓት ድረስ እንስሳው የተሻለው ይመስላል፣ ይነሳል፣ ይጫወታል። ጉበቱ የሚጎዳውና ሰውነቱ የሚዝለው ከዚያ በኋላ ነው። «ድኗል» ተብሎ ቤት የሚቀመጠው በዚያ መሐል ባለው ሰዓት ነው።

አፉንና መዳፉን በውሃ እጠቡ፣ ማሸጊያውን ፎቶ አንሱ፣ የጎደለውን መጠን ገምቱ። የተበላውን ግራም በብረቱ መቶኛ አባዙ፣ ወደ ሚሊግራም ለውጡ፣ በእንስሳው ኪሎ አካፍሉ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። አገር ቤት መርዝ ለጠጣ ወተት ማጠጣት የተለመደ ቢሆንም ወተት ብረትን አያቆምም። ለሌላ መርዝ የሚሰጠው የከሰል መድኃኒትም ብረትን አይይዝም። በጨው ውሃ ማስመለስ ራሱ መርዝ ነው፤ ሐኪም ካላዘዘ ምንም አታስመልሱ። በሆስፒታል ብረቱን ከደም የሚያወጣ ዴፈሮክሳሚን የሚባል መድኃኒት አለ፤ የሚጠቅመው ግን በጊዜ ሲደርሱ ነው።

በአሜሪካ የኤኤስፒሲኤ የእንስሳት መርዝ መረጃ ማዕከል በ888-426-4435፣ ፔት ፖይዝን ሄልፕላይን በ855-764-7661 ቀንና ሌሊት ይመልሳሉ። በብሪታንያ አኒማል ፖይዝንላይን በ01202 509000 ይገኛል። ሦስቱም ክፍያ ይጠይቃሉ። እንስሳው እያስመለሰ ወይም እየፈዘዘ ከሆነ ግን ወደ ሐኪም እየሄዳችሁ በመንገድ ላይ ሆናችሁ ደውሉ።

ሞሱ ከጠቆረ በኋላ

ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይቶ፣ ሞሱ ጠቁሮ ሲሞት፣ በሬክ ቧጥጡት። የወጣው ክምር ብረት የያዘ ስለሆነ በዚያው ቀን ከረጢት ውስጥ ገብቶ ይውጣ። ውሻ የሚተኛበት ጥግ አይከመር፣ የዶሮ ቤት ጉዝጓዝ አይደረግ።

ግማሹ መሬት ባዶ ሆኖ ሲታይ መደንገጥ የለም፤ ያ ቦታ ቀድሞም ሳር አልነበረበትም። አፈሩን ውስጡ ክፍት የሆነ ጥርስ ባለው መሣሪያ ወይም በመንሽ እስከ 10 ሴንቲሜትር ጥልቀት፣ በ10 ሴንቲሜትር ርቀት ብሱት። ከዚያ በካሬ ሜትር ከ20 እስከ 30 ግራም ዘር ዝሩ፤ ለፀሐይ ቦታ ራይግራስ፣ ለከፊል ጥላ ቀጭን ቅጠል ያለው ፌስኪዩ ይሆናል። ማጨጃውን ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ላይ ከፍ አድርጋችሁ አስሩት።

ሳሩ ናይትሮጅን ሲያገኝ ሞሱን ራሱ ይገፋዋል። በአንድ ጊዜ በካሬ ሜትር 5 ግራም ያህል ናይትሮጅን፣ አንዴ በጸደይ አንዴ በመከር፣ ይበቃል። ማዳበሪያውን ስትመርጡ የአጥንት ዱቄትና የደም ዱቄት ያለበትን ተዉት። «ተፈጥሯዊ» ተብሎ ቢሸጥም ለውሻ ምግብ ይሸተዋል፤ አፈሩን ቆፍሮ ይበላዋል፣ በብዛት የተበላው የአጥንት ዱቄትም ሆዱ ውስጥ ጠጥሮ ቀዶ ጥገና እስከማስፈለግ ይደርሳል። አዲሱ ሳር ሁለት ጊዜ እስኪታጨድ ድረስ ያን ቦታ በገመድ አጥሩት፤ ውሻው እስከዚያው የራሱ የእንጨት መንገድ ላይ ይሩጥ።